ከድሪቶ ጀምሪ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው፤ ዕድሜዬ 26። አክስቴ ሲያርፉ በእግር የምትረገጥ አሮጌ ሲንጀር ትተውልኝ ሄዱ። ልብስ መስፋትም፣ ብጣሽ ጨርቅ ገጣጥሜ የአልጋ ልብስ መሥራትም እፈልጋለሁ። የትኛውን ላስቀድም? ስሞክር ስፌቱ ከላይ ደህና ይመስላል፣ ከታች ግን ክሩ ተወታትቦ ይወጣል፤ ቶሎ ቶሎም ይበጠሳል። መኪናዋ አርጅታ ይሆን? ሸጬ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ልግዛ? ደግሞ የጀመርኩትን ያየ ሁሉ «ድሪቶ ልትሰፊ ነው?» እያለ ይስቅብኛል።

መልስ፦ ዕድሜሽን ስለነገርሽኝ «አንቺ» እያልኩ እጽፍልሻለሁ፤ ከመጨረሻ ልጄ ታንሻለሽና ቅር አይበልሽ።

የሚስቁብሽን ለጊዜው ተያቸው፤ እመለስባቸዋለሁ። መጀመሪያ መኪናዋን ከመሸጥ እናድናት።

ከታች የሚወታተብ ክር አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከላይ ነው። ጀማሪን ሁሉ ግራ የሚያጋባው ይኸው ነው፤ ዐይን የሚያየው የታችኛውን ብልሽት ስለሆነ እጅም ወደ ታች ይሄዳል። አሠራሯን ካወቅሽ ግን ነገሩ ቀላል ነው። መኪናዋ የምትሰፋው በሁለት ክር ነው፤ አንዱ በመርፌው ከላይ ይወርዳል፣ ሌላው ቦቢን በምንላት ትንሽ ብረት ላይ ተጠቅልሎ ከታች ይጠብቃል። መርፌው ወርዶ መመለስ ሲጀምር ክሩ ከጎኑ ትንሽ ይላላል፤ ከታች ያለው መንጠቆ ያችን የላላች ቀለበት ይይዝና በቦቢኗ ዙሪያ ያሳልፋታል። ከዚያ ከፊት ከፍ ዝቅ የምትለው ባለ ቀዳዳ ክንድ የተረፈውን ክር ወደ ላይ ትስበዋለች፤ ሁለቱ ክሮች ጨርቁ መሀል ላይ ተቆላልፈው ይቀራሉ። እንግዲህ የላይኛው ክር ከክንዷ ቀዳዳ ካመለጠ፣ ወይም በሁለቱ ክብ ማጥበቂያ ብረቶች መሀል ጠልቆ ካልገባ፣ ወደ ላይ የሚስበው የለም። በወረደ ቁጥር እዚያው ከታች ይከመራል። አንቺ ያየሽው ክምር እሱ ነው።

ስለዚህ የላይኛውን ክር ሙሉ በሙሉ አውጪውና እንደገና አስገቢ። ስታስገቢ ጨርቁን የሚረግጠው እግር ወደ ላይ የተነሣ ይሁን፤ እግሩ ሲነሣ ማጥበቂያዎቹ ይከፈታሉ፣ ሲወርድ ክሩን ይጨብጡታል። ብዙ ሰው እግሩን አውርዶ ክር ያስገባና ክሩ ከብረቶቹ ጫፍ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። አስገብተሽ ስትጨርሺ እግሩን አውርጂና ክሩን በእጅሽ ሳቢው፤ እንቢ እንቢ ካለሽ ልክ ነው፣ ዝም ብሎ ከመጣ አልገባም። ይህን ሁሉ ሳታረጋግጪ የማጥበቂያውን ብሎን አትንኪ። አንድ ጊዜ መዞር ከጀመረች ማቆሚያ የላትም።

መርፌውን ደግሞ እዪው። የመርፌው ራስ በአንድ ወገን ጠፍጣፋ ነው፤ በተቃራኒው ወገን ከላይ እስከ ቀዳዳው የሚወርድ ረጅም ቦይ አለው። ክር የሚገባው ሁልጊዜ ቦዩ ካለበት ወገን ነው። መርፌ ተገልብጦ ከተተከለ መንጠቆው ቀለበቷን አያገኛትም፤ ክር ይበጥሳል ወይም ስፌት ይዘላል። ለመካከለኛ ጥጥ ጨርቅ 14 ቁጥር ይበቃሻል። ለጂንስና ለወፍራም ድርብርብ 16 ያዢ። ስምንት ሰዓት ያህል የሰፋ መርፌ ሥራውን ጨርሷል፤ ጨርቅ ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማሽ ጫፉ ደንዝዟል ማለት ነው።

አሁን ስለ መበጠሱ። ሦስት ነገር እጠረጥራለሁ። አንደኛው ክሩ ራሱ ነው፤ አክስትሽ ከመኪናዋ ጋር የተዉልሽን ክር እየተጠቀምሽ ከሆነ፣ ለዓመታት ኮሮጆ ውስጥ የቆየ የጥጥ ክር ይደርቃል፣ ይበሰብሳል። በሁለት እጅሽ ወጥረሽ ሳቢው፤ ሳይታገልሽ ከተበጠሰ ለማሠሪያ አድርጊው። ሁለተኛው የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው። ከመርፌው ስር ያለችውን የብረት ሳህን ፍቺና እዪ፤ እንደ ወፍራም ጨርቅ የተጋገረ ብናኝ ታገኛለሽ። በጥርስ ብሩሽ ጥረጊው። የደረቀው የድሮ ዘይት ካልለቀቀ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክረሽ አሺው፤ ከምድጃ ርቀሽ እንጂ ቡና እየተፈላ ባለበት ክፍል እንዳይሆን። ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ጠብ ጠብ አድርጊባት። የምግብ ዘይት እንደ ሙጫ ይይዛታል። የመኪና ሞተር ዘይትም አይሆንም፤ ጨርቅሽን ያጠቁርብሻል።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው መንኮራኩሩ ነው። በቀኝ እጅሽ በኩል ያለው መንኮራኩር ወደ አንቺ መዞር አለበት። እግር ያልለመደ ሰው ሲረግጥ ወደ ኋላ ይዞርበታል፤ አንዲት ዙር ወደ ኋላ ስትዞር ክሩ ይጠላለፋል፣ ይበጠሳል። መድኃኒቱ መንኮራኩሩን በእጅ ወደ ራስሽ ጀምረሽ ከዚያ እግር ማስከተል ነው። የጀመርሽበትን ስፌት የሁለቱን ክሮች ጫፍ ወደ ኋላ ይዘሽ ሦስት አራት ጊዜ ስፊ፤ እነዚያ ጫፎች ናቸው ወደ ውስጥ ገብተው የሚወታተቡት።

እኔ ሥራ ስለምድ ያስተማሩኝ ሰውዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ክር አላስነኩኝም። አሮጌ መርፌ ተክለው፣ መስመር ያለው የደብተር ወረቀት ሰጡኝና «መስመሩን ውጋ» አሉኝ። ከስንት ደብተር በኋላ እግሬ መቆምና መሄድ ቻለ። ያኔ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ለሚመጡብኝ ሁሉ የምሰጠው ያንኑ ቅጣት ነው። መርፌው አሮጌ የሚሆነው ወረቀት ስለሚያደነዝዘው ነው። ሁለቱንም እግርሽን መርገጫው ላይ አድርጊ፣ ቀኙ ትንሽ ቀደም ይበል፤ ተረከዝና ጣት እየተቀባበሉ ይሂዱ። ወንበርሽም ከፍ ያለ ይሁን። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለቡና የተሠራ ነው፤ እሱ ላይ ተቀምጠሽ ከሰፋሽ ማታ ወገብሽን ትይዣለሽ።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናም አጭር መልስ አለኝ፤ አሁን አትግዢ። መብራት ሲጠፋ ያንቺ ትሠራለች። ገበያ ላይ የሚታዩት ቀላል የፕላስቲክ መኪኖች ሦስት ድርብ ጨርቅ ሲገጥማቸው ይንገዳገዳሉ፤ አሮጌዋ ብረት ግን ትወጣዋለች። የምትሰፋው ቀጥታ ስፌት ብቻ መሆኑ እውነት ነው፤ ላሰብሽው ሥራ ግን ሌላ አያስፈልግሽም።

የትኛውን ላስቀድም ላልሽው፣ እኔ የምመክርሽ ድሪቶውን ነው። ብዙ የሙያ ጓደኞቼ «መጀመሪያ ጉርድ ትስፋ፣ ከዚያ ቀሚስ» ይሉሻል፤ አልስማማም። ሰውነት ጠፍጣፋ አይደለም። ብብት አለው፣ ትከሻ አለው፣ ወገብ አለው፤ ቀሚስ የሚሰፋ ሰው ቀጥታ መስፋት ሳይችል ጥምዝ እንዲሰፋ ይገደዳል። የተበላሸ ቀሚስ ደግሞ ሦስት ሜትር ጨርቅ ይዞ ይሄዳል። አራት ማዕዘን ቁራጭ ግን የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ቀጥ ያለ መስመርና ትክክለኛ ጥግ። ብታበላሺም የምታጪው መዳፍ የምታህል ብጣሽ ነው። ስፌት ሁሉ የተሠራው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው፤ ኪስም፣ አንገትጌም፣ ሱሪም።

ሳቁን በተመለከተ፣ ድሪቶ ማለት የተደረተ ማለት ነው፤ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየተጣፈ የወፈረ። የድህነት ምልክት ሆኖ ስለቆየ ስሙ ተበላሸ እንጂ ሥራው የተናቀ አይደለም። በቤንጋል ሴቶች አሮጌ ሳሪ ደራርበው በእጅ መርፌ እየጠቀሙ የሚሠሩት ካንታ የሚባል መደረቢያ አላቸው። በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጊስ ቤንድ በምትባል መንደር ጥቁር ሴቶች ካለቀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ የአልጋ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ያው ድሪቶ ኒውዮርክ በሚገኘው በዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ በ2006 ደግሞ በአገሪቱ የፖስታ ቴምብር ላይ ታተመ። እኔ እናቴ የደረተችልኝ ስር ነው ያደግኩት፤ የኅዳርን ሌሊት የሚያውቅ ሰው አይስቅም።

ጨርቁን ከልብስ ሰፊዎች ጠይቂ። እዚያው ጅማ፣ መርካቶም ሆነ ሂርማታ ገበያ በረንዳ ላይ የሚሰፉት ሰዎች ብጣሻቸውን ጥለው ነው የሚያድሩት። የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ በሚሰፋበት በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ ግን አትሂጂባቸው፤ ቀና ብሎ የሚያይሽ የለም። የዒድ ሰሞንም እንዲሁ። መስከረም ሲጋመስ ሂጂ፤ ኬሻ ሙሉ ይሰጡሻል። ሰልባጅ ተራ የሚገኝ የወንድ ሸሚዝም ድንቅ ነው፤ ጀርባው ብቻ ብዙ ቁራጭ ይወጣዋል፣ ብዙ ጊዜ ስለታጠበም ከዚያ በላይ አያጥርም።

ችግሩ የተቀላቀለ ጨርቅ ነው። ጥጡና ናይለኑ አንድ ላይ ከተሰፉ አንዱ ሲታጠብ ያጥራል፣ ሌላው አያጥርም፤ ሥራሽ ይኮማተራል። ለመለየት ከዳሩ ጥቂት ክር ምዘዢና በወረንጦ ይዘሽ አቃጥዪው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ በጣት ይበናል። ሰው ሠራሹ ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ዶቃ ይሆናል። ዶቃ የሠራውን ለይተሽ አስቀምጪው።

የመረጥሽውን ሁሉ፣ በተለይ አዲስ አቡጀዴን፣ ሳትቆርጪ በሙቅ ውኃ እጠቢ። ቀለም የሚለቀውን ደግሞ ፈትኚ፤ የተጠራጠርሽውን ጨርቅ አርጥበሽ በነጭ ጨርቅ ላይ ጫኚው። እኔ በወጣትነቴ ለአንዲት ሙሽራ ቀይና ነጭ አድርጌ የሰፋሁት የአልጋ ልብስ በመጀመሪያው እጥበት ሮዝ ሆኖ ተመልሶልኛል። ገንዘቧን መለስኩ። ሮዙን እስከ ዛሬ ቤቴ ውስጥ እንለብሰዋለን።

አሁን ልኬት። ለመጀመሪያ ሥራ የሕፃን አልጋ ልብስ ይበቃል፤ ስድስት በሰባት፣ 42 ቁራጭ። እያንዳንዱን 17 በ17 ሴንቲ ሜትር ቁረጪ፤ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲገባ 15 ይቀራል፣ ጠቅላላው 90 በ105 ይሆናል። የሠለጠኑት 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚያስገቡት፤ አንቺ እጅሽ እስኪጸና 1 ሴንቲ ሜትር ያዢ። በመኪናዋ ሳህን ላይ ከመርፌው 1 ሴንቲ ሜትር ለክተሽ ፕላስተር ለጥፊ፤ ዐይንሽ መርፌውን ሳይሆን ፕላስተሩን ይከተል። ስትሰፊ የምትሳሳችው 2 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስልሻል። ነገር ግን በአንድ ስፌት ከሁለቱም ቁራጭ ስለሚበላ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአንድ ረድፍ አምስት ስፌት አለ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ሄደ። አንዱ ረድፍ አጥሮ ሌላው ረዝሞ የሚያስለቅሰው ይህ ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚሉት ለጨርቅ በቀጥታ ይሠራል።

መለኪያ ቅርጹን ከካርቶን አትሥሪው፤ በተሳለበት ቁጥር ጠርዙ እየተበላ አርባኛው ቁራጭ ከመጀመሪያው ያንሳል ወይም ይበልጣል። ያገለገለ የራጅ ፊልም አይበላም፣ አሳልፎም ያሳይሻል። መሣያሽ ጠመኔ ወይም የደረቀ የሳሙና ስባሪ ይሁን። ስትቆርጪ የጨርቁን ድርና ማግ ተከተዪ፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ እንደ ላስቲክ ይሳባል፣ አራት ማዕዘንሽን ይነጥቅሻል።

ቁራጮቹን መሬት ላይ ደርድሪና አንድ ቀን ተያቸው። ስትሰፊ የስፌቱ ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። መጀመሪያ ረድፉን፣ ከዚያ ረድፉን ከረድፍ። ሁሉንም ስትጨርሺ ከ11 ሜትር በላይ ቀጥታ ስፌት ሰፍተሻል ማለት ነው፤ ከአንድ ጉርድ ይህን ያህል ልምምድ አታገኚም።

በየስፌቱ ካውያ ያስፈልጋል፤ ጀማሪ የሚሰንፍበት እዚህ ላይ ነው። ካውያ አትግፊ፤ ጫኚና አንሺ። መግፋት ጨርቁን ያዛንፈዋል። የከሰል ካውያ ከሆነ እርጥብ ቀጭን ጨርቅ ጣል አድርጊበት፤ አመድና ፍንጣሪ ነጭ ላይ ካረፈ አይለቅም። አንድ ዘዴ ልስጥሽ፤ በአንደኛው ረድፍ ውስጥ ያሉትን የስፌት እጥፋቶች ሁሉ ወደ ቀኝ ተኩሺ፣ በሁለተኛው ወደ ግራ፣ በሦስተኛው ወደ ቀኝ። ሁለቱን ረድፎች ስትገጥሚ እጥፋቶቹ ጀርባ ለጀርባ ይያያዛሉ፤ በጣትሽ ስትነኪው ቆለፍ ሲል ይታወቅሻል። እዚያ እስፒል ውጊበት፤ መርፌው ሲቃረብ ግን ንቀይው። ጥጎቹ እንደ ዳማ ሰሌዳ ይገጥማሉ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ሦስት ድሪቶ ካበላሸሁ በኋላ ነው የገባኝ።

ፊቱ ካለቀ መሀሉ ይመጣል። ለመሀል የሚሆነው ያረጀ ስስ ብርድ ልብስ ነው። ነጠላም ተደርቦ ይሆናል። ጋቢ ግን ራሱ አራት ድርብ ስለሆነ ለመጀመሪያ ሥራ ይከብድሻል። ባዘቶ የሚመርጡ አሉ፤ ይሞቃል፣ ነገር ግን ስፌቱ ጠጋ ጠጋ ካላለ በእጥበት ተሰብስቦ አንድ ጥግ ላይ ይጓጉላል። ስፖንጅ እንዳታስገቢ፤ የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ አይደርቅም።

ገበሩን ከፊቱ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር አስበልጪው። መሬት ላይ ገልብጠሽ ወጥሪውና ዳሩን በፕላስተር ያዢው፣ መሀሉን ደርቢ፣ ፊቱን ከላይ አንጥፊ። ሦስቱን በረጅም የእጅ ስፌት ወይም በመርፌ ቁልፍ አያይዢ፤ በየመዳፍ ርቀቱ አንድ። ከዚህ ሥራ ያመለጠ ሰው ገበሩ ተኮማትሮ ያገኘዋል። ከዚያ ከመሀል ወደ ዳር ስፊ፤ ከዳር ከጀመርሽ የተረፈው ጨርቅ መሀል ላይ ይነፋል። የስፌቱን ርዝመት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጊ፣ አሁን ድርቡ ወፍሯልና። በጨርቆቹ መገጣጠሚያ ላይ ቀጥታ ብትሄጂ ይበቃል። በእጅ መጥቀም ከፈለግሽ ደግሞ እሰየው፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ልስላሴው ግን ሌላ ነው።

ለጠርዙ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ጥብጣቦች ቁረጪ፣ ቀጥለሽ 4 ሜትር ከ20 አድርሺያቸው፤ ዙሪያው 3 ሜትር ከ90 ነውና ለጥጎቹ ይተርፋል። ለሁለት አጥፈሽ ተኩሺ፣ ከፊት በኩል በመኪና ስፊ፣ ወደ ጀርባ አዙረሽ በእጅ ዘምዝሚ። ጥጉን በቃል ማስረዳት አልችልበትም፤ አንድ ቅዳሜ ወደ ሱቅ ብቅ ብትዪ አሳይሻለሁ።

ከዚህ በኋላ የትራስ ልብስ፣ ከዚያ ላስቲክ ያለው ጉርድ። ቀሚሱ አይሸሽም።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። የጅማ ዝናብ ለብረት ጠላት ነው። መኪናዋን ከግድግዳ አርቂያት፣ ሰፍተሽ ስትነሺ ብጣሽ ጨርቅ ከእግሩ ስር አስገብተሽ አውርጂበት፤ የሚንጠባጠበውን ዘይት ይጠጣል። ማታ በጨርቅ ሸፍኛት እንጂ በላስቲክ አትሸፍኛት፤ ላስቲክ ያልባታል። የቆዳው ጠፍር በክረምት ሲላላ መርገጫው ይሄዳል፣ መንኮራኩሩ ግን ይንሸራተታል። ያኔ ተበላሸች ብለሽ እንዳትደነግጪ። ጠፍሩን ከሽቦው አውጪና የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ቆርጠሽ መልሰሽ አያይዢው።